ጳጉሜ ደመወዝ የላትም

እዚህ ቶሮንቶ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የ11 ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ከልጅቷ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ እናነባለን። ባለፈው ሳምንት የወራቱን ስም ከመስከረም ጀምራ ስትቆጥርልኝ ቆየችና ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አጎቴ፣ ሌሎቹ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜ ለምን 5 ቀን ብቻ ሆነች? ተሳስተው ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ «ይሄ ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ። ለእሷ ግን ወዲያው ሙሉ መልስ መስጠት አልቻልኩም። የቁጥሩን መልስ አውቀዋለሁ። ሌላውን መልስ ያገኘሁት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጳጉሜ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት በተመለስኩ ጊዜ ነው። አዲሱ ዓመት እየመጣ ስለሆነ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

የተረፉት ቀኖች

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 12ቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው። 12 ጊዜ 30፣ 360 ይሆናል። ምድር ግን ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 365 ቀንና ሩብ ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ 5 ቀን ይተርፋል። የተረፉትን ቀኖች ጳጉሜ እንላቸዋለን። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ተጨማሪ» ማለት ነው። ሩብ ሩቡ ቀን ደግሞ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይሆናል። በዚህ ምክንያት በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች።

የትኛው ዓመት እንደሆነ በቀላሉ ማወቅ ትችላላችሁ። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት። 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ለምሳሌ 2015ን ለ4 ስናካፍል 3 ይተርፋል። በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች፤ መስከረም 1 ቀን 2016ም በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ዋለ።

ጳጉሜ ባትኖርስ? አዲስ ዓመታችን በየዓመቱ ከ5 ቀን በላይ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ እንቁጣጣሽ ሐምሌ ይገባበት በነበረው ጊዜ፣ በከባዱ ዝናብና በጭቃው መሃል ይውል ነበር። አደይ አበባ ግን በሰው ቁጥር አትሄድም፤ የምትፈነዳው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በዓሉና አበባው በየዓመቱ እንዲገናኙ የሚያደርጉት እነዚያ «ትርፍ» ቀኖች ናቸው።

ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር። ለራሴ ሕይወት ግን ጳጉሜ የሌለበት ዕቅድ ነበር ያወጣሁለት።

ሦስት ጊዜ የወጣ ዕጣ

አዲስ አበባ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ለማስተርስ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ሄድኩ። ግንቦት 2012 ተመረቅኩ። የኮሮና ጊዜ ስለነበር የተመረቅኩት ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ ነው። ብዙም ሳልቆይ ሥራ አገኘሁ።

በተማሪ ቪዛ ገብቶ እንደ እኔ በቴክኖሎጂ የተመረቀ ሰው ሦስት ዓመት ያህል መሥራት ይፈቀድለታል። ከዚያ በኋላ ለመቆየት ብዙዎች የሚሞክሩት ኤች ዋን ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ነው። በዓመት የሚሰጠው 65 ሺህ ሲሆን፣ እዚያው አሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ሌላ 20 ሺህ ይጨመራል። የተመዘገበው ሰው ከዚያ ሲበልጥ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል።

በኮምፒውተሬ ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ ነበረኝ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ቪዛ፣ በሁለተኛው አረንጓዴ ካርድ፣ በሦስተኛው ቤት፣ በአራተኛው «እማዬንና አባዬን ማምጣት» ተጽፏል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ዓመቱ አለ። «ካልሆነስ?» የሚል መስመር ግን አልነበረውም።

በመጀመሪያው ዓመት ዕጣው አልወጣልኝም። በሁለተኛውም አልወጣልኝም። በሦስተኛው፣ በመጋቢት 2015፣ ከ700 ሺህ በላይ ምዝገባ ነበር። አሁንም ስሜ የለም። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ሁለተኛ ዙር ዕጣ ወጣ። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን እያየሁ ከረምኩ። በሁለተኛውም ዙር አልተመረጥኩም።

ኑሮዬ ሁሉ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መስጠት ነው። ያን ጊዜ አንድ ኮምፒውተር እኔን አዘዘኝ። ጥፋት ባገኝ አርመው ነበር፤ ዕጣ ግን አይታረምም።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ለበጎ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ።

ይህን አባባል እናንተም ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ። በዚያ ሌሊት ግን አናደደኝ። እግዚአብሔር ማወቁ ጥሩ ነው፤ እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበር። «እሺ እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በጳጉሜ ዝናብ

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሳሁት ጳጉሜ 2 ነው። በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ደረስኩ። ታክሲው ሰፈራችን ሲገባ ዝናብ ይጥላል። የሰፈር ልጆች ከነልብሳቸው ዝናቡ ውስጥ ይሯሯጣሉ። ጳጉሜ 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ወጥተው ይታጠቡበታል።

እናቴ በሩ ላይ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። አቅፋ ሳመችኝ። ላፕቶፔ እንዳይረጥብ ቦርሳዬን በኮቴ ሸፍኜ ወደ ውስጥ ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ትንሽ ቁም፤ ይንካህ» አለችኝ።

ቦርሳውን ለታክሲው ሹፌር ሰጥቼ ቆምኩ። የ33 ዓመት ሰው፣ ባለ ማስተርስ፣ ሥራም ቪዛም የሌለው፣ ከሰፈር ሕፃናት ጋር ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። እያለቀስኩ እንደነበር ማንም አላወቀም። ዝናቡ ጥሩ ሽፋን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ከበዱኝ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ!» ይልና ያችን ጥያቄ ያስከትላል። «መቼ ትመለሳለህ?» እኔም «ለበዓል ነው የመጣሁት» እላለሁ። ውሸት ነበር።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሰንብቶ በሦስተኛው ማታ አጠገቡ አስቀመጠኝ። አባቴ 34 ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ሲሠራ የኖረ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። እንደምታውቁት በአገራችን የወር ደመወዝ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው። ጳጉሜ ለብቻዋ ደመወዝ የላትም። ደግሞ በዓል፣ ደግሞ የትምህርት ቤት ወጪ ደጅ ላይ ቆመው የሚጠብቁባት ጊዜ ናት።

«ስማኝ ልጄ» አለኝ። «ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፤ እራት ግን ትፈልጋለች። 34 ዓመት ሙሉ ሰዎች በጳጉሜ ቢሮዬ እየመጡ ‹ምን ይዤ ቤት ልግባ?› ይሉኝ ነበር። አንዱ ከእቁቡ፣ አንዱ ከጎረቤቱ ተበድሮ ያልፋታል። መስከረም ሳይጠባ የቀረበት ዓመት ግን አላየሁም። አንተም አሁን ጳጉሜ ላይ ነህ። ማፈር የለብህም። እራትህን ብላ፤ ነገ የሚሠራውን ሥራ።»

መልስ አልሰጠሁትም። እራቴን ግን በላሁ።

የተዘረጋች እጅ

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ለኮስን። ጠዋት ቤቱ ቀጤማ ተጎዝጉዞበት፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ የዶሮው ወጥ ሽታ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው አበባየሁሽን እየዘፈኑ መጡ። ወንዶቹ ደግሞ እንደ ልማዱ በቀለም የሳሉትን ፀሐይና መልአክ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ።

አባቴ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሁለት ልጆች መጡ። አንደኛው ከፊቱ ቆመ። አባቴ ሥዕሉን ተቀበለው፣ መረቀው፣ ብር ሰጠው። ሁለተኛው ትንሽ ልጅ በግራ በኩል ቆሞ ሥዕሉን ዘርግቷል። አባቴ አላየውም። ወደ ፊት እያየ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ልጁ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን ያያል።

መጀመሪያ አባቴ የሚቀልድ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ቡና ሲቀርብለት በግራ በኩል ያለውን ሲኒ በክንዱ ደፋው። እናቴ ምንም ሳትናገር ጠረገችው። አለመደንገጧ እኔን አስደነገጠኝ። የመጀመሪያው ሲኒ አልነበረም ማለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ መርምራው ግላኮማ ነው አለችን። ግላኮማ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ካለ ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም። ዕይታን መብላት የሚጀምረው ከዳር ከዳር ስለሆነ ሰውየው ፊት ለፊት ያለውን እያየ፣ የጎኑ እንደጠፋ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ በየሳምንቱ በቪዲዮ እንነጋገር ነበር። አባቴ ስልኩን ፊቱ ላይ ያቆመዋል፤ እኔን ደህና አድርጎ ያየኛል። እኔም «አባዬ ደህና ነው» እላለሁ። ስልክ የሚያሳየው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። የጎኑን ለማየት ከጎኑ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

የግራ ዓይኑ ዕይታ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀኙ ከግማሽ በላይ አለ። ሐኪሟ «የጠፋውን መመለስ አንችልም፤ የቀረውን ግን በመድኃኒት መጠበቅ እንችላለን» አለችን። በየማታው፣ ሳይዘለል፣ አንድ ጠብታ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት በመንገድ ላይ።

«ዕድሜ ነው ብዬ። ደግሞ አንተ እዚያ ዕጣህን እየጠበቅክ ሐሳብ ልጨምርብህ?» አለኝ።

«ለበጎ ነው» ሲባል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን እንዲህ ይጨርስልኛል፦ «አየህ! ቪዛውን የከለከለህ አባትህን እንድታድን ነው።»

እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። በመጀመሪያው ዓመት ዕጣ አጥቼ ብመለስ ኖሮ የግራ ዓይኑም ይድን ነበር ይሆን? እንዲወጣልኝ ብዬ የጸለይኩበት ዕጣ ወጥቶልኝ ቢሆን ኖሮስ? ከእኔ ጋር ተመዝግበው ዕጣ ያልወጣላቸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸውን ታሪክ አላውቅም። እግዚአብሔር ይህን ያደረገው ለዚህ ነው ብዬ የእሱን ሂሳብ መሥራት የእኔ ሥራ አይደለም።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ሳትል «እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ አላልኩህም። እሱ ያውቃል ነው ያልኩህ» አለችኝ።

አሰብኩበት። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ በስህተት ሰምቻት ኖሬያለሁ። «ለበጎ ነው» የምትለው ምክንያቱ ገብቷት አይደለም። ምክንያቱ ሳይገባት እጅዋ ሥራ እንዳይፈታ ነው የምትለው። ይህን ብላ ቡናዋን ትቆላለች፣ የተደፋውን ትጠርጋለች፣ በዝናብ ውስጥ ልጇን ትጠብቃለች። እምነት ለእሷ የነገውን ማወቅ አይደለም፤ የዛሬውን አለመተው ነው።

ፕሮግራሙ ዝም ያለበት ቀን

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ቀጠረኝና እዚያው ቆየሁ። ማታ ማታ ለአባቴ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁለት። በየቀኑ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩ በእናቴ ድምፅ «ጠብታ!» ብሎ ይጣራል። አንድ ብልቃጥ መድኃኒት አንድ ወር ያህል ስለሚቆይ ሁሉንም በወር በወር አድርጌ ጻፍኩት። አንድ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ አንድም ቀን አልሳተም።

ጳጉሜ 2 ቀን 2016 ማታ ሳሎን ተቀምጠን 3 ሰዓት አለፈ። ስልኩ ዝም አለ። ደንግጬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ወራቱን የጻፍኩት ከመስከረም እስከ ነሐሴ ነበር፤ ጳጉሜን ረስቻታለሁ። ኢትዮጵያዊ ሆኜ፣ ለኢትዮጵያዊ አባቴ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠርቼ፣ 12 ወር ብቻ!

«አባዬ፣ ትናንትም አልጠራህም ማለት ነው! ጠብታውን አላደረግክም?» አልኩት።

ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

«ስልክህ ጳጉሜን ባያውቃት እኔ አውቃታለሁ» ብሎ ሳቀ። «እኔም 34 ዓመት በደመወዝ መዝገብ ላይ ዘልያት ኖሬያለሁ። ዓይን ግን አይዘላትም።»

ያን ማታ ፕሮግራሙን አረምኩት። 13ኛውን ወር ስጽፍ በአሜሪካ የነበረኝ ሰንጠረዥ ትዝ አለኝ። እሱም ጳጉሜ አልነበረውም።

በ2017 ቶሮንቶ ያለ ድርጅት ሥራ ሰጠኝ። በዕቅዴ ውስጥ ካናዳ የሚባል ቃል ኖሮ አያውቅም። ለመሄድ አመነታሁ። አባቴ «ሂድ፤ ጠብታውን እኔ እችላለሁ። ግን ስትደውል ጎኔንም ጠይቀኝ» አለኝ። አሁን በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። በአሁኑ ወቅት አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ነው። የቀኝ ዓይኑ እስካሁን እንዳለ አለ። የግራው አልተመለሰም።

ለጥያቄዋ የሰጠኋት መልስ

ለልጅቷ እንዲህ አልኳት፦ «አልተሳሳቱም። ዓመቱን በ12 እኩል ቦታ ሲከፍሉት የማይገባ ነገር ተረፈ። አልጣሉትም፤ ስም ሰጥተው ቆጠሩት። ለዚህ ነው አደይ አበባና እንቁጣጣሽ ሳይጣጡ የሚገናኙት።»

ትንሽ አሰበችና «አንተስ ጳጉሜህ ስንት ቀን ነበር?» አለችኝ። እሷ እንደ ጨዋታ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን አሁንም እየቆጠርኩ ነው።

ምናልባት ከእናንተም መካከል ዘንድሮ ያልጠበቀው ነገር የገጠመው አለ። ያመለከተበት ዩኒቨርሲቲ ያልተቀበለው፣ ከሥራ የተቀነሰ፣ ከአገር ወደ አገር ከቤተሰቡ ጋር የተዛወረ። ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ነገር ግን በዚህ ጳጉሜ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ለአያቶቻችሁ ደውሉ። «ደህና ናችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። ምን እንዳነበቡ፣ ማታ መንገድ ሲሄዱ ደህና አድርጎ ይታያቸው እንደሆነ፣ መጨረሻ ሐኪም ያዩት መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው። ግላኮማ በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል፤ ዘመዳችሁ ካለበት እናንተም ታዩ። እኔም በየዓመቱ እታያለሁ።

ያልጠበቃችሁት ቀን ሲመጣም እራታችሁን ብሉ፤ ነገ የሚሠራውን ሥሩ።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። መልካም አዲስ ዓመት!